የኮሮላዬን የፍሬን ሸራ ራሴ የቀየርኩ ዕለት

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ከእንጦጦ ስወርድ ነው። እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ልጆቹን ፓርኩ ላይ አዝናንቼ ስመለስ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከቀኙ የፊት ጎማ በኩል ቀጭን ፉጨት ይመጣል። ባለቤቴ "ወፍ ናት እንዴ?" አለች። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ወፏ የመቃጠል ሽታ ጨመረችበት። መሪውም ወደ ቀኝ ሳብ ሳብ ያደርገኛል።

ጎፋ ኮንዶሚኒየም፣ ከምንኖርበት ብሎክ በር ላይ መኪናውን አቁሜ እጄን ወደ ቸርኬዎቹ ጠጋ አደረግኩ። አልነካሁም፣ ጠጋ ብቻ። የግራው ሞቅ ይላል። የቀኙ ግን እንደ ምጣድ ይፋጃል። ይህን ሙከራ ያዙልኝ። ምንም መሣሪያ አይፈልግም፣ ብዙ ነገር ግን ይናገራል። ከፊት ሁለት ጎማዎች አንዱ ብቻ ከሌላው በጣም ከጋለ እዚያ ጎን ፍሬኑ ይዞ አልለቅም እያለ ሊሆን ይችላል።

ያበሸቀኝ፣ ሸራዎቹ (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ ከሁለት በኩል ተጭነው የሚያስቆሙት) ገና 7 ወራቸው መሆኑ ነው። አንድ ጋራዥ "የፊቱን በሙሉ ቀይረናል" ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎኛል። "ሌቦች! አሮጌውን መልሰው ገጥመውልኝ ነው" ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። በኋላ እንደምታነቡት ግማሹን ሐሜት መዋጥ ነበረብኝ።

መካኒክ አይደለሁም። ሥራዬ ቢሮ ነው። ከዚያ በፊት በመኪና ላይ የሠራሁት ትልቁ ሥራ ጎማ መቀየር ነበር። ግን ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉን። በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ የድሮ ሾፌር ናቸው። ብሶቴን ስነግራቸው "እስኪ ቅዳሜ ጠዋት ክፈተውና እንየው። ሸራ መቀየር ይህን ያህል ምሥጢር አይደለም" አሉኝ። እሳቸው ወንበር ይዘው ተቀመጡ፣ እኔ ተንበረከክኩ። ሙሉ ቀኑ በዚህ መልክ አለቀ።

መሣሪያ ብዙ አይጠይቅም። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ 14 ቁልፍ፣ ሌላ ሰፋ ያለ ቁልፍ፣ የብረት ብሩሽ፣ ከአናጢ ቤት የተዋስኩት ማጥበቂያ፣ አንድ የልብስ መስቀያ ሽቦ። የእኔ ኮሮላ 2004 ሥሪት ነው። የሌላ መኪና ቁልፍ ቁጥር ሊለይ ይችላል። ከኮሮና ጊዜ የተረፈች የአፍ መሸፈኛም አድርጌያለሁ። የፍሬን አቧራ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም፤ የጥንት ሸራዎች ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ ነበር። ስለዚህ በአፍ እፍ ማለት፣ በኮምፕሬሰር መንፋት የለም። ጨርቅ በውሃ አርጥቦ መጥረግ ነው።

ክሪኩን ላስገባ ስል ጋሼ "ታኮውስ?" አሉኝ።

"የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፣ ጋሼ።"

"የእጅ ፍሬን ይለምንሃል፣ ታኮ ያዝሃል። ድንጋይ አምጣ!"

ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ሁለት ድንጋይ ወሸቅኩ። የጎማውን ብሎኖች መኪናው መሬት ላይ እያለ ትንሽ አላላኋቸው። ከተነሣ በኋላ ጎማው አብሮ ይዞራል፣ ጉልበታችሁን በከንቱ ትጨርሳላችሁ። ካነሣሁት በኋላ የብረት መደገፊያ ሥሩ አስገባሁ። የወለቀውን ጎማ ደግሞ ከመኪናው ሆድ ሥር አንጋለልኩት። ክሪክ ቢሸሽ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል፣ እናንተ ላይ አይደለም። ይህንን በክሪክ ብቻ የሚሠራ ሰው ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

መሪውን ወደ ቀኝ እስከመጨረሻው አዙሬ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። በሮቹንም ዘጋሁ። ምክንያቱም ትንሿ ልጄ መሪ መጨበጥ ትወዳለች። ሸራው ወልቆ ሳለ አንድ ሰው ፍሬን ቢረግጥ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል። ያኔ የአንድ ሰዓት ሥራ የሦስት ቀን ይሆናል።

ካሊፐሩ፣ ማለትም ዲስኩን እንደ መዳፍ ይዞ የሚጨምቀው ብረት፣ ከኋላው በሁለት ብሎን ተይዟል። ሸራ ብቻ ለመቀየር የታችኛውን ፈትቶ ካሊፐሩን ወደ ላይ መገልበጥ ይበቃል። እኔ ግን ሁለቱንም ፈታሁ። ስፈታ ብሎኑ ያለበት ፒን፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ዘንግ፣ አብሮ እየዞረ አስቸገረኝ። ፒኑን በሌላው ቁልፍ ገትቶ መያዝ ነው። የወጣውን ካሊፐር በልብስ መስቀያው ሽቦ ከሱስታው ላይ ሰቀልኩት። በፍሬን ዘይት ቱቦው ተንጠልጥሎ እንዲቀር አትፍቀዱ። ቱቦው ውስጡ ቢቆስል ከውጭ አይታይም።

እና ሸራዎቹን አወጣኋቸው።

የውጪው ሸራ ወፍራም ነው። 8 ሚሊሜትር ያህል ይቀረዋል። ጋሼ እንኳ "ይሄማ አዲስ ነው" አሉ። የውስጠኛው፣ የፒስተኑ በኩል ያለው፣ ብረቱ ሊታይ ምንም አልቀረውም። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቆርቆሮ ዲስኩን እየፋቀች ነበር። የእንጦጦዋ ወፍ እሷ ነበረች። ይህች ቆርቆሮ ሆን ተብላ የተሠራች ናት፤ ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን ነክታ እንድትጮህ። ስለዚህ ፉጨት ስትሰሙ ሬዲዮ ከፍ አታድርጉ።

አንድ ጎማ፣ አንድ ቀን የተገጠሙ ሁለት ሸራዎች፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ብራና። ጋራዡ አልሰረቀኝም ማለት ነው። ሸራውን በእርግጥ ቀይሮታል። ታዲያ ምን ሆነ?

ጋሼ የውስጠኛውን ሸራ ተቀብለው ወደ ፀሐይ ከፍ አደረጉት። "ፒኑን አውጣው" አሉኝ። የላይኛው ፒን ከነጎማ ሽፋኑ በቀላሉ ወጣ። የታችኛው እምቢ አለ። ግራ ቀኝ እያዞርኩ፣ እየሳብኩ፣ ትንሽ እየሰደብኩት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወጣ። ቡና የመሰለ ዝገት ለብሷል። የጎማ ሽፋኑ ተቀዷል፤ ውሃና ጭቃ ገብቶበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንደኔ ዓይነት መኪና ካሊፐር ፒስተን ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ፍሬን ስንረግጥ ፒስተኑ መጀመሪያ የውስጡን ሸራ ወደ ዲስኩ ይገፋል። ከዚያ ካሊፐሩ ራሱ በሁለቱ ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጪውን ሸራ ስቦ ያመጣል። ስንለቅ ደግሞ ላላ ይልና ሁለቱም ያርፋሉ። ፒኑ ከዛገ ካሊፐሩ አይንሸራተትም። የውስጡ ሸራ ብቻውን ይሠራል፣ ስንለቅም ተመልሶ በቅጡ አይላቀቅም። ቀን ከሌት ዲስኩን ሲልስ ይውላል። ሙቀቱም፣ ሽታውም፣ ወደ ቀኝ መሳቡም ከዚያ ነው። ጋራዡ አዲስ ሸራ ገጥሞ ፒኑን ሳያይ ዘጋው። ጥፋቱ ያ ነው፤ ስርቆት ሳይሆን ችኮላ። ብዙ ሰው "ሸራው ጥራት የለውም" እያለ በየስድስት ወሩ የሚቀይረው ለዚህ ይመስለኛል። አዲስ ሸራ የተያዘ ፒን ላይ መግጠም በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ምንጣፍ መቀየር ነው።

አሮጌዎቹን ሸራዎች በፌስታል ይዤ ወደ መለዋወጫ ገበያው፣ ወደ ሱማሌ ተራ ሄድኩ፤ በታክሲ። መኪናው በድጋፉ ላይ ቆሟል፣ የጥበቃው ልጅ ማንም ሕፃን እንዳይጠጋ አደራ ተቀብሏል። ናሙና ይዞ መሄድ ግማሽ ሥራ ነው። "ኮሮላ 2004" ብላችሁ ብቻ ከሄዳችሁ ሦስት ዓይነት ሸራ ያሳዩአችኋል፣ ሦስቱም "የሱ ናቸው"። የእኔን አሮጌ አዲሱ ላይ ደርቤ ጆሮዎቹን፣ ማለትም ዳር ዳሩ ላይ ወጣ ያሉትን ጫፎች፣ አስተያየሁ። አንዱ በ2 ሚሊሜትር ይረዝማል። ያ ቢገባም ይሰነቀርና እንደ ዛገው ፒን ያደርገኛል።

ነጋዴው "ይሄ ኦሪጅናል፣ ይሄ የታይዋን፣ ይሄ ደግሞ... ይሄም ጥሩ ነው" አለኝ። ካርቶን አትመኑ፤ ካርቶን ይታተማል። እኔ ያየሁት ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን ቦታ ነው። ዙሪያውን ክፍተት ወይም ስንጥቅ ካለ አስቀምጡት። አራቱም አንድ ዓይነት ውፍረት ይኑራቸው። ቆርቆሮዋ መኖሯንም እዩ። ዋጋ አልጽፍም። ይህን ስታነቡ ጨምሯል።

ሸራ የሚሸጠው አራት አራት ነው፣ ለግራና ለቀኝ። "የግራው ገና ነው፣ የቀኙን ብቻ ልቀይር" የሚል ሐሳብ እኔም መጥቶብኝ ነበር። አይሆንም። አንዱ ጎን አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ከሆነ እኩል አይዙም። ከሸራው ጋር የፒን ጎማ ሽፋንና የሲሊኮን የፍሬን ግራሶ ገዛሁ።

ግራሶው ላይ ከጋሼ ጋር ትንሽ ተከራከርን። እሳቸው ከቤታቸው ግማሽ ቆርቆሮ የተራ ግራሶ ይዘው ወጥተዋል። ሽማግሌ ያመጣውን መመለስ ከባድ ነው።

"ጋሼ፣ የእርስዎን ለሌላ ጊዜ እናስቀምጠው። ይሄ ተራው ጎማውን ያሳብጠዋል።"

"በኤንትሬ ጊዜ ማን ነበር ሲሊኮን የሚያውቅ?"

"በኤንትሬ ጊዜ ይሄ ፒንስ ነበር?"

ሳቁ። ኤንትሬው ዲስክ ሳይሆን ታምቡር፣ ማለትም ከበሮ መሰል ፍሬን፣ ነበረው። ቆርቆሯቸውን ከወንበራቸው ሥር አስቀመጡ። ለፒኑ የሚሆነው ለፍሬን ተብሎ የተሠራው ብቻ ነው፤ ተራ ግራሶ ጎማ ሽፋኑን አሳብጦ ፒኑን መልሶ ያንቀዋል። ፒኖቹን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ ቀዳዳቸውን በጨርቅ ጠረግኩ፣ ስስ አድርጌ ቀባሁ። ሲገቡና ሲወጡ በሁለት ጣት ብቻ መንሸራተት አለባቸው። ሸራዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታም እስኪያበራ ፈገፈግኩ። ዲስኩ ላይና ሸራው ፊት ላይ ግን አንዲት ጠብታ ቅባት አትድረስ። በስህተት ያደፈ ጣት ካሳረፋችሁ በፍሬን ማጽጃ ጥረጉት።

ዲስኩን ለማየት ጥፍሬን በላዩ ጎተትኩ። ትንሽ ይሸካክራል እንጂ ጥልቅ ቦይ የለውም። ዝቅተኛው የሚፈቀድ ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጿል። በእኔው ላይ 23 ሚሊሜትር ይላል። ተውሼ በለካሁበት መለኪያ ከዚያ በላይ ነው። ከዚያ ከወረደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥም አያዋጣም፣ መቀየር ነው።

አሁን አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑ ወደ ኋላ መገፋት አለበት። አሮጌውን ሸራ ፒስተኑ ላይ አስደግፌ በአናጢው ማጥበቂያ ቀስ እያልኩ ጨመቅኩት። ኮፈኑን ከፍቼ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን አላልቼ ነበር። ዓይኔን ግን እዚያ አላደረግኩም። የጥበቃው ልጅ "ጋሽዬ፣ የሆነ ነገር ይፈሳል!" ብሎ ጮኸ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሸራ ሲያልቅ ፒስተኑ ወደ ውጪ ስለሚወጣ ዘይቱ በማጠራቀሚያው ውስጥ ዝቅ ይላል። ጤነኛ ነገር ነው። እኔ ግን ባለፉት ወራት ዝቅ ባለ ቁጥር ስሞላ ኖሬያለሁ። ፒስተኑ ሲመለስ ያ ሁሉ ዘይት መሄጃ አጣና ተትረፈረፈ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ወዲያው በብዙ ውሃ አጠብነው፣ ሆኖም ከባትሪው አጠገብ የአንድ ሳንቲም ያህል ቀለም ተነሥቷል። እስካሁን አለ። ስለዚህ ከመግፋታችሁ በፊት በመርፌ ሲሪንጅ ትንሽ ቅዱለት። ያለ ፍሳሽ ዘይቱ ዝቅ ካለ ደግሞ ከመሙላት በፊት ሸራውን እዩ።

የቀረው ገጠማ ነው፣ አፈታቱን ወደ ኋላ መሄድ። ቆርቆሮዋ ያለችበት ሸራ ቀድሞ በነበረበት ጎን ይግባ። እንዳልሳሳት የግራውን ጎማ ሳልነካው ትቼው ነበር፤ ግራ ሲገባኝ ሄጄ አየዋለሁ። ሁለቱንም ጎን በአንዴ አትበትኑ። የካሊፐሩን ብሎኖች ሳስር ክንዴን ጫንኩበት። ጋሼ "ተው፣ የኤንትሬ ብሎን አይደለም!" አሉ። ልክ ነበሩ፤ ማሠሪያ ልኩ 34 ኒውተን ሜትር ነው፣ ብዙ አይደለም። የጎማው ብሎኖች ደግሞ 103 ናቸው። እነሱን በመስቀለኛ አቅጣጫ፣ መኪናው መሬት ከነካ በኋላ አጠበቅኩ። የግራውን በግማሽ ጊዜ ጨረስኩት። እዚያ ፒኖቹ ደህና ነበሩ።

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ።

ሁሉም ገባ። እጄን ታጠብኩ። ጋሼ ቡና ሊጠጡ ገቡ። እኔ መሣሪያ ሰበሰብኩ፣ ታኮዎቹን አነሣሁ፣ ጉራዬ እስከ አፍንጫዬ ደርሷል። ሞተር አስነሣሁና ወደ ኋላ ማርሽ አስገብቼ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። ግቢያችን ወደ ቆሻሻ ገንዳው በኩል ትንሽ ያዘነብላል። መኪናው መንከባለል ሲጀምር ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። ምንም የለም። እግሬ አየር የረገጠ መሰለኝ። ደግሜ ረገጥኩ፣ አሁንም ወለል። ገንዳው አጠገብ ሁለት ልጆች ኳስ ይዘው ቆመዋል።

የእጅ ፍሬኑን ስቤ አስቆምኩት። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ነው፣ እኔ ደግሞ የነካሁት የፊቱን ብቻ። ያ አዳነኝ። ከገንዳው አንድ ሜትር ተኩል ቀርቶኛል።

ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም። ፒስተኖቹን ወደ ኋላ ስለገፋኋቸው ከሸራው ጋር ክፍተት ተፈጥሯል። ያን ክፍተት ለመዝጋት ፔዳሉን ብዙ ጊዜ መርገጥ ያስፈልጋል። ቆሜ ደጋግሜ ስረግጥ፣ ከአምስት ስድስት ጊዜ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድሮው ጠጠር አለ። ይህንን ማድረግ የነበረብኝ ታኮው ሥር እያለ፣ ሞተር ሳይነሣ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህ ይሁን፦ ማርሽ ከማስገባታችሁ በፊት ፔዳሉ ጠጣር እስኪሆን ርገጡ፣ ከዚያም የዘይቱን መጠን እዩ። ብትረግጡ ብትረግጡ አልጠጥርም ካለ፣ ወይም እንደ ስፖንጅ ለስለስ ካለ፣ ወይ አየር ገብቷል ወይ የሚያፈስ ነገር አለ። ያኔ መኪናው አይንቀሳቀስ፤ መካኒክ ወደ ቤት ጥሩ።

ለጋሼ ስነግራቸው አልተቆጡም። ዝም ብለው ስኒውን አስቀመጡና "እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ ቡና ጠራኝ" አሉ። ከቁጣ የባሰ ከበደኝ።

በማግስቱ ንጋት ላይ፣ መንገዱ ጭር እንዳለ ቀድሜ ወጥቼ፣ ሸራውን አሟሸሁ። በ50 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ ረጋ አድርጎ እስከ 10 ማውረድ፣ ሳይቆሙ መልሶ መፍጠን፣ ይህን ስምንት አሥር ጊዜ መደጋገም። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ጥቂት ነድቶ ማብረድ ነው። በመሃል ቀጥ ብሎ ቆሞ የጋለ ሸራን የጋለ ዲስክ ላይ አጣብቆ መያዝ ጥሩ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሸተተኝ፤ ከአዲስ ሸራ ይጠበቃል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የጎማ ብሎኖቹን እንደገና ሞከርኳቸው። አንዷ ሩብ ዙር ተቀበለች።

የኋላው ታምቡር ነው፤ እሱን አልነካሁም። ሞላ፣ ማንጠልጠያ፣ መንጠቆ የበዛበት ሥራ ነው። ለጊዜው ለመካኒክ ትቼዋለሁ፤ አጠገቡ ቆሜ እያየሁ። የኋላ ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ ቁልፍ የሚያዝ አዳዲስ መኪኖች ያላችሁም፣ አሁን ከተማውን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ የኋላውን ፒስተን በማጥበቂያ አትግፉ። ሞተር አለው፣ ይሰበራል። መጀመሪያ መኪናው ራሱ ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሼን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ስንወርድ ፉጨት የለም፣ ሽታ የለም፣ መሪው ቀጥ ብሏል። ደስ ብሎኝ ወደ እሳቸው ዞር ስል እግሬን እያዩ ናቸው።

"በስንተኛ ማርሽ ነው የወጣኸው?"

"በሁለተኛ።"

"እና በአራተኛ ምን ያወርድሃል? በወጣህበት ማርሽ ውረድ እንጂ! ሸራውን ለማን ብለህ ነው የምትጨርሰው?"

ሁለተኛ አስገባሁ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ መኪናው ያዝ አለ። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ "አራት ጊዜ ነካኸው" አሉኝ። ቆጥረዋል።